ኖራ ወይስ ሲሚንቶ፦ ለጅማ አሮጌ የትምህርት ቤት ግድግዳ የሚሆን ልስን

የምንገመግመው ዕቃ በከረጢት የሚሸጥ ነጭ ዱቄት ነው፤ የግንባታ ኖራ። ጥያቄያችን ጠባብ ነው። በጅማ ከስድሳና ከሰባ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ በድንጋይና በጭቃ ወይም በእንጨትና በጭቃ የቆመ የትምህርት ቤት ሕንፃ ልስኑ መርገፍ ሲጀምር በምን ይለሰን? ግንበኛ ሲጠየቅ አፉ ላይ ቀድማ የምትመጣው ቃል «ሲሚንቶ» ናት። የእኛ ምርጫ ኖራ ነው። ነገር ግን ጣሪያው ካልተጠገነ፣ ወቅቱ ካልተመረጠና ዱቄቱ ትክክለኛው ካልሆነ ገንዘቡን ለሌላ ሥራ ማዋል ይሻላል።

መጀመሪያ ግድግዳውን ማወቅ ያስፈልጋል። የጅማ አሮጌ ሕንፃዎች ከአንድ ዘመን የመጡ አይደሉም። ከከተማው በላይ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር (ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት) ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ ነው፤ ፎቁና በረንዳው እስከ ዛሬ ለአናጢ ትምህርት ይሆናል። ከኮረብታው ግርጌ የነበረው የሂርማታ ገበያ ነው ኋላ ወደ ከተማ ያደገው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ ስላደረጓት በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ ሠሩባት፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ረዣዥም መስኮት። ከተማዋ በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ሕንፃዎቹ ለመንግሥት ሥራ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሦስተኛው ዘመን የትምህርት ቤቶች ዘመን ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ «ፖይንት ፎር» እርዳታና በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ሙያተኞች ድጋፍ የተከፈተው የጅማ የእርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት የዚህ ዘመን ነው፤ ኋላ ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ በ1999 እ.ኤ.አ. የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

በዚህ በሦስተኛው ዘመን የተለመደው የመማሪያ ክፍል አሠራር ቀላልና ብልህ ነው። ክፍሎቹ በአንድ ረድፍ ይደረደራሉ፤ ፊታቸውን በረንዳ ይሸፍነዋል፤ መስኮት በሁለቱም ወገን ስላለ ነፋስ ይተላለፋል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይላል፤ የጣሪያው ክንፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ዝናቡን ያርቃል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ለተቀመጠችና በዓመት ወደ 1,500 ሚሊሜትር ዝናብ ለሚወርድባት ከተማ ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም። በረንዳውን በብሎኬት ዘግቶ ተጨማሪ ክፍል ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የከፋው «እድሳት» ነው። በረንዳው ሲዘጋ የውስጠኛው ክፍል ነፋስ ያጣል፣ ግድግዳው አይደርቅም፣ ኮርኒሱ ላይ ሻጋታ ይታያል። ጥፋቱም በልስን ይሳበባል።

ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ለማየት ሕንፃውን ማፍረስ አያስፈልግም። ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ ከመስኮት ደፍ በታች፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ልስን ይነሣ። ከሥሩ ቡናማ ወይም ቀይ ሆኖ በቁልፍ ሲጫር እንደ አፈር የሚረግፍ ከሆነ ጭቃ ነው። ነጣ ብሎ በምስማር በቀላሉ የሚቦረቦር ከሆነ ኖራ ነው። ግራጫ ሆኖ ቁልፉ መሥመር ብቻ የሚተውበት ከሆነ ሲሚንቶ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ይህን ግምገማ ማንበብ ማቆም ይቻላል፣ በሲሚንቶ የተገነባን በሲሚንቶ መለሰን ጉዳት የለውምና። አንድ ሕንፃ ሦስቱንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከአራቱም ማዕዘን ይታይ፤ በተለይ ኋላ የተቀጠሉ ክፍሎች።

ሲሚንቶ ለጭቃ ግድግዳ የማይሆነው መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም፤ ከግድግዳው ይልቅ ስለሚጠነክር ነው። የጭቃ ግድግዳ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። የሲሚንቶ ልስን አብሮት መንቀሳቀስ ስለማይችል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል። ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ ሲሚንቶው ግን እርጥበቱን በቀላሉ መልሶ አያስወጣም። ከልስኑ ጀርባ ያለው ጭቃ ይላላል፣ ከእንጨት ማገሩ ጋር ይበሰብሳል፣ እርጥበት የሚወደው ምስጥም መንገድ ያገኛል። ከውጭ ግን ለሁለት ለሦስት ዓመት ምንም አይታይም። ከዚያ አንድ ቀን ልስኑ እንደ ሰሌዳ በአንድነት ይወርዳል። ተማሪ ከሥሩ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እየመቱ መሄድ፤ ድምፁ እንደ ከበሮ ባዶ ከሆነ ልስኑ ለቋል ማለት ነው።

ሌላው ከታች የሚወጣው እርጥበት ነው። በአሮጌ መሠረት ላይ እርጥበት መከላከያ ንጣፍ አይገኝም፤ ስለዚህ ውሃ ከአፈሩ ወደ ግድግዳው ይሳባል፤ የሚተነፍስ ልስን ካገኘ ከጉልበት ከፍታ ሳይደርስ ይተናል። የታችኛውን አንድ ሜትር በሲሚንቶ ሲያሽጉት ወይም የተለመደውን ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም ሲቀቡት እርጥበቱ መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ በደረት ከፍታ ላይ የሚታየው ነጭ የጨውና የሻጋታ መሥመር ብዙ ጊዜ የዚህ ውጤት ነው።

አሁን ወደ ዱቄቱ። በጅማ «ኖራ» ሲባል ሁለት ነገር ነው፤ ስህተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የአካባቢው አፈር አሲዳማ በመሆኑ ለእርሻ የሚቀርብ ኖራ አለ፤ ይህ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እንጂ የተቃጠለ አይደለም። ለበቆሎ ማሳ ይጠቅማል፣ ለግድግዳ ግን ከአሸዋ አይለይም፤ በውሃ ተቦክቶ ሲደርቅ ተመልሶ ዱቄት ይሆናል። የግንባታው ኖራ በእሳት ተቃጥሎ ውሃ የጠጣ ነው፤ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ሎሚ ይበቃል። አንድ ማንኪያ ዱቄት ላይ ሎሚ ሲጨመቅ አጥብቆ ከፈላና አረፋ ካወጣ የእርሻው ነው፣ ወይም ከረጢቱ ተከፍቶ ብዙ የቆየና አየር የበላው የግንባታ ኖራ ነው። በሁለቱም ምክንያት አይገዛም። ትኩስ የግንባታ ኖራ ላይ አረፋው እምብዛም ነው። ከረጢቱ በውስጥ በኩል ፕላስቲክ ያለው፣ ያልተቀደደና ጓል ያልሠራ ይሁን። ዋጋው በከረጢት ሳይሆን በኪሎ ይጠየቅ፤ የከረጢት መጠን ስለሚለያይ ርካሽ የሚመስለው ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም።

ውሃ ያልጠጣ፣ እንደ ድንጋይ ጓል የሆነ ጥሬ ኖራም ይገኛል። ልስኑ ከዱቄቱ የተሻለ ይወጣል፤ ለትምህርት ቤት ግን አንመክረውም። ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ይረጫል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ እስከ መታወር ያደርሳል። ግዴታ ከሆነ ኖራው ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ኖራው አይፈስም፤ በርሜሉ የብረት ይሁን፣ ክዳኑ አይታሸግ፣ ሥራው ግቢው ከተማሪ ባዶ ሲሆን ይሠራ። ከዚያም ቢያንስ ሦስት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት ወር ከውሃ በታች ይረፍ። ያልተብላላ እንክብል በልስኑ ውስጥ ከቀረ ከወራት በኋላ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ግድግዳው ላይ ሽምብራ የሚያህል ጉድጓድ እየፈነዳ የሚታየው ያኔ ነው። ባለከረጢቱ ዱቄት ይህ ችግር እምብዛም የለበትም። አንድ ሌሊት፣ ቢመች አንድ ሳምንት ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ እንደ እርጎ ሲወፍር ለሥራ ይደርሳል። በማንኛውም ጊዜ ጓንትና የዓይን መነጽር የግድ ነው። ዓይን ላይ ከደረሰ ወዲያው በንጹህ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንጂ ማሸት የለም።

ልኬቱ ይህን ይመስላል። አንድ እጅ የተዘፈዘፈ ኖራ ለሦስት እጅ አሸዋ። 9 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው የመማሪያ ክፍል ግድግዳ 27 ካሬ ሜትር ነው፤ በሁለት ድርብ 2 ሴንቲሜትር ሲለሰን ከግማሽ ሜትር ኩብ ትንሽ የሚበልጥ ልስን ይበላል። ለዚህ ብክነቱን ጨምሮ 0.6 ሜትር ኩብ አሸዋና ባለ 25 ኪሎ 5 ከረጢት ኖራ ይበቃል። መስኮቱና በሩ ሲቀነሱ የሚተርፈው ለጥገና ይቀመጥ። አሸዋው ሻካራና ከደቃቅ የተደባለቀ ይሁን። ለፍተሻ የውሃ ጠርሙስ ግማሹን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልቶ ማንቀጥቀጥና አንድ ሰዓት ማቆየት ይበቃል፤ ከላይ የተኛው ጭቃ ከአሸዋው ከፍታ ከመቶ 6 እጅ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ። ያልታጠበ አሸዋ የኖራ ልስንን ከምንም በላይ ይሰነጥቃል።

ድብልቁ በአካፋ ተገላብጦ ብቻ አይበቃም፤ መረገጥና መደቆስ ይፈልጋል። ለዚህ የለመደ እጅ የምርጊት ጭቃ የሚያቦካ ሰው ነው። ውሃ መጨመር ቀላል ስለሚመስል ግንበኞች ያበዙታል፤ ያኔ ልስኑ ሲደርቅ ይሰበሰብና እንደ ድርቅ መሬት ይተረተራል። በአካፋ ሲገለበጥ ጠንካራ ይመስላል፣ ሲደቆስ ግን ይለሰልሳል፤ ውሃ ከመጨመር በፊት ሩብ ሰዓት መደቆስ ነው። የኖራ ልስን እንደ ሲሚንቶ በሰዓታት ስለማይደርቅ የተረፈው ተሸፍኖ በማግሥቱ ይሠራበታል፤ ሠራተኞች ይህን ሲያዩ ኖራን መውደድ ይጀምራሉ።

ግድግዳው ላይ ያለው ልል ሲሚንቶና ቀለም ተነሥቶ አቧራው ይጠረጋል፤ ከዚያ ውሃ እስኪጠግብ፣ ግን ሳይንጠባጠብ ይረጫል። ደረቅ ጭቃ ልስኑን ውሃውን ይመጥበታል፣ ልስኑም ሳይጠና ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ድርብ 1 ሴንቲሜትር አይለፍ፤ ሳይጠነክር በምስማር ሰሌዳ ይጫር፣ ሁለተኛው እንዲይዝ። ሁለተኛው የሚወጣው የመጀመሪያው ጥፍር ሲጫኑት መስጠት ሲያቆም ነው፤ ይህም በጅማ አየር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይወስዳል፣ ዳመና ከበዛ ከዚያም በላይ። ከወጣ በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ በቀላል ጭጋግ ማርጠብና ቀጥተኛ ፀሐይን መከልከል ለሰባት ቀን ይቀጥላል። በዚህ ረገድ ጅማ የቡና ከተማ መሆኗ ረድቷታል፤ ባዶ የቡና ጆንያ እንደልብ ይገኛል፣ ውሃ ተነክሮ ከጣሪያው ክንፍ ሲንጠለጠል ከማንኛውም ሸራ ይሻላል። ዘይት የነካው ጆንያ ግን ግድግዳውን ያቀልመዋልና ይመረጥ።

ኖራ ደካማ ጎኑን አይደብቅም። ለስላሳ ነው። የወንበር ጀርባ፣ የኳስ ምትና የጫማ አፍንጫ በታችኛው አንድ ሜትር ላይ ይበረታበታል፤ የኖራ ቅቡም በተማሪ ዩኒፎርም ላይ ነጭ ይተዋል። ለዚህ ሁለት መላ አለ። አንደኛው በታችኛው ክፍል ድብልቅ ላይ በመጠነኛ እሳት የተቃጠለ፣ ከልክ በላይ ያልጠነከረ ጡብ ተፈጭቶና ተነፍቶ ለአራት እጅ ኖራ አንድ እጅ መጨመር ነው፤ የጡብ ዱቄት ኖራውን በውሃም ጭምር እንዲጠነክር ያግዘዋል። ሁለተኛው በወንበር ከፍታ ከግድግዳው ሁለት ሴንቲሜትር የራቀ የጣውላ መከላከያ ማድረግ ነው፤ ከታችና ከላይ ክፍት ሆኖ አየር ያሳልፋል። የምንመርጠው ጣውላውን ነው። ጥቁር ሰሌዳው የሚያርፍበት ግድግዳም እንዲሁ ከኋላው አየር ይተውለት። ስቱኮና ፕላስቲክ ቀለም በአዲስ ኖራ ላይ መቀባት ግን ሙሉ ሥራውን ማጥፋት ነው፤ ትንፋሹን ይዘጋሉ፣ በመጀመሪያው ክረምት ያብጡና ይላጣሉ።

ቅቡም ከኖራ ይሁን። እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ በረጠበ ግድግዳ ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ፣ በየመካከሉ 24 ሰዓት እየተሰጠ ይቀባል። ሲቀባ ውሃ እንጂ ቀለም አይመስልም፤ ሲደርቅ ነው የሚነጣው። ይህን የማያውቅ ቀቢ አወፍሮ ይቀባና በሳምንቱ ቅርፊት ይሆንበታል። አሮጌውን የዘይት ቀለም ማንሣት ካስፈለገ በደረቁ መፋቅ አይገባም፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ የኢትዮጵያ ደንብ ለአዲስ ቀለም ያስቀመጠው ገደብ በሚሊዮን 90 ክፍል መሆኑ ብቻ ጉዳዩን ይናገራል። እያረጠቡ መፋቅ፣ ፍርፋሪውን በላስቲክ ሰብስቦ ማስወገድ፣ ክፍሉን አጥቦ ከዚያ ተማሪ ማስገባት።

ወደ ትልቁ ችግር ስንመጣ ጉዳዩ ከዕቃው ይልቅ ከዘመን መቁጠሪያው ጋር ነው። ትምህርት ቤት የሚታደሰው ተማሪ በማይኖርበት ክረምት ነው፤ በጀቱም ሰኔ 30 ሳያልፍ መዋል ስላለበት ዕቃው በግንቦትና በሰኔ ይገዛል። የጅማ ዝናብ የሚከብደው ልክ በዚያ ጊዜ ነው። በሐምሌ የወጣ የውጭ የኖራ ልስን ሳይጠና ይታጠባል፤ ከዚያ «ኖራ አይረባም» ይባላል። ተግባራዊው መፍትሔ ሥራውን መክፈል ነው። በክረምት ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ የውስጥ አናጢነት፣ ቢበዛ የውስጥ ልስን፤ የውጩ ልስን ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር፣ ክፍል በክፍል። ኖራው በሰኔ ቢገዛም ጉዳት የለውም፤ በርሜል ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲከርም እንዲያውም ይሻሻላል። ሲሚንቶ በሰኔ ተገዝቶ እስከ ጥቅምት ቢቆይ በጅማ እርጥበት ድንጋይ ነው የሚሆነው። የወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) ለወረዳው ሲያስረዳ ይህችን ነጥብ ይያዝ።

ጣሪያው ሳይጠገን ግን ከረጢት አይከፈት። 30 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ የመማሪያ ሕንፃ ጣሪያ 240 ካሬ ሜትር ነው፤ 40 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድበት 9,600 ሊትር ውሃ ይዞ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ያ ሁሉ ውሃ ግድግዳው ሥር ይወድቃል፣ መሬት መትቶ ወደ ልስኑ ይረጫል። አሸንዳው በየ2 ሜትሩ 1 ሴንቲሜትር ይዘቅዝቅ፣ በየ10 ሜትሩ አካባቢ መውረጃ ይኑረው፣ መውረጃው ግድግዳው ሥር ሳይሆን ቦይ ውስጥ ይፍሰስ። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጁ (የውፍረቱ) ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ይታወስ፤ 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይሳሳል። በዓመታት ውስጥ ከፍ ያለው የግቢ አፈር ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ እስኪል ይነሣ፤ የጣውላ ወለል ካለ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ። ወፍና አይጥ እንዳይገባ ተብሎ በሲሚንቶ የተደፈነ ቀዳዳ የወለሉን ሞራሌ (ጣውላውን የሚሸከመውን እንጨት) ያበሰብሳል፤ ወንፊት ሽቦ ይበቃው ነበር።

ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ እድሳት አይጀመርም። ያልተመዘገበ ቢሆንም ከሥራው በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ ማንሣትና ከእያንዳንዱ ዘመን ልስን አንድ የመዳፍ ያህል ሳይነኩ መተው ወጪ የለውም።

በውጤት እንስጥ ከተባለ፦ ለጭቃና ለድንጋይ ግድግዳ ከአምስት አራት ተኩል፤ ግማሿን ያስቀነሰው ለስላሳነቱ ነው። በክረምት ለሚሠራ የውጭ ግድግዳ ከአምስት አንድ። ለብሎኬት ሕንፃ ከሲሚንቶ የሚመረጥበት ምክንያት አይታየንም። የኖራ ልስን የሠራ ግንበኛ ማግኘት ከዕቃው በላይ ያስቸግራል፤ ስለዚህ ውል ከመያዙ በፊት አንድ ካሬ ሜትር በሙከራ ይለስን፣ ሁለት ሳምንት ይታይ፣ በጥፍርና በውሃ ይፈተሽ።

ከሥራው የተረፈው የተዘፈዘፈ ኖራ አይጣል። ከላዩ አንድ ጣት ውሃ ተኝቶበት፣ ክዳኑ ገጥሞ፣ ላዩ ላይ «ኖራ፣ ዓይን ያቃጥላል» ተብሎ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ቁልፍ ባለው መጋዘን ይቀመጥ። ውሃው እስካልጎደለ ድረስ ለዓመታት አይበላሽም፤ በየዓመቱ በጥቅምት ግድግዳውን ዞሮ አይቶ ስንጥቁን ለመሙላትና አንድ እጅ ለመቀባት ያገለግላል።